አልገጥም ያለ ቀዳዳ

መኪና ሥር ተንጋልሎ የሠራ ሰው ሁሉ ይህችን ሰዓት ያውቃታል። ብሎኑ በአንድ እጅ ነው፣ ቁልፉ በሌላው፣ ዳዶው ጥርስ መሀል ተይዟል፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች ግን አይተያዩም። የላይኛው ወደ ቀኝ፣ የታችኛው ወደ ግራ ሸሽቷል። ልዩነቱ የጥፍር ውፍረት ብቻ ቢሆንም ብሎን አያሳልፍም። ዝገትና የደረቀ ጭቃ ዓይን ውስጥ ይረግፋል፣ ክንድ ይዝላል፣ ሰው ይናደዳል። መጀመሪያ የሚታሰበው መዶሻ ነው። መዶሻ ካልሠራ መሰርሰሪያ ይመጣል፤ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ መገላገል።

ትንሽ ነገር ናት። እኔ ግን ሰው ስለ ጥፋትና ስለ ማቃናት በልቡ የያዘው እምነት እዚህ ላይ እንደሚገለጥ አምናለሁ። አልገጥም ያለ ነገር ሲያጋጥመን ጥፋተኛ ብለን የምንይዘው ማንን ነው? ያቃናነው ነገር ቀና የሚባለውስ ከምን አንጻር ነው?

ከሐዋሳ ተነሥቶ በሐገረ ሰላም በኩል የሚወጣው መንገድ ቦሬ ሲደርስ ጉምና ብርድ ይቀበለዋል። ቦሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በእንሰትና በገብስ የተከበበች የጉጂ ደጋ ናት። ከዚያ መንገዱ በአንፈራራ ደን አድርጎ ወደ አዶላ ይወርዳል፤ አሁንም ብዙ ሰው ክብረ መንግሥት ይላታል። ከአዶላ ወዲያ ግራሩ እየበዛ፣ አየሩ እየጋለ ይሄድና ነገሌ ቦረና ይገባል። ከቦሬ እስከ ነገሌ ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድ አለ። በዚህ መንገድ ላይ አይሱዙው የሻኪሶንና የኡራጋን ቡና ወደ ላይ ያወጣል፣ ከነገሌ ከብትና ፍየል ይጭናል። ቅጥቅጡና ዶልፊኑ ሰው ያመላልሳሉ። ጋራዥ ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ መኪና የሚሰበረው ግን ከተማና ከተማ መሀል ነው። ስለዚህ ራስን በራስ መጠገን እዚህ አገር የእሑድ ከሰዓት መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ አንዳንዴም ባለንብረቱ ራሱ ጋቢውን መሬት ላይ አንጥፎ ከሥር ይገባል። በእጁ ያለው ክሪክ፣ ጥቂት ቁልፍ፣ ታኮ፣ ገመድና ካለም ግራሶ ነው።

ከዚህ መንገድ ሕመሞች ሁሉ ለማሰብ የሚመቸኝ የባሌስትራው ነው። የባሌስትራ ዝርግ ብረቶች ተደራርበው መሀላቸው ላይ በአንዲት ቀጭን ብሎን ይያያዛሉ። የዚህች የመሀል ብሎን ጭንቅላት አክስሉ መቀመጫ ላይ ካለው ጉድጓድ ይገባና አክስሉ የት ላይ መቆም እንዳለበት ያሳያል። ቦታ ታሳያለች እንጂ አትይዝም። አክስሉንና ባሌስትራውን ጨምድደው አንድ የሚያደርጓቸው ከግራና ከቀኝ አቅፈው የሚወርዱት፣ ጫፍና ጫፋቸው በዳዶ የሚጠብቀው የታጠፉ ወፍራም ብሎኖች ናቸው። እነርሱ በደንብ እስከጠበቁ ድረስ ብረትና ብረት በመፋተግ ብቻ ይያያዛሉ፤ የመሀሏ ብሎን ምንም አትሸከምም ማለት ይቻላል።

የእነዚህ አቃፊ ብሎኖች ዳዶ ሲላላ ነገሩ ይለወጣል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር፣ በከባድ ማርሽ ዳገት በተወጣ ቁጥር አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መገፋት ይጀምራል፤ ያ ሁሉ ግፊት ለዚያ ባልተሠራች ብሎን ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ትቆረጣለች። አክስሉ በአንድ ወገን ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የኋላ ጎማዎቹም ከመኪናው አካል ጋር ማዕዘን ይሠራሉ። ሾፌሩ መሪውን ጠምዝዞ ካልያዘ መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድለትም። ከኋላ የሚከተለው ሾፌር ቀድሞ ያየዋል፤ ፊቱ ወደ መንገዱ፣ ጀርባው ወደ ቦዩ ሆኖ በጎኑ ሲሄድ።

አሁን አዶላ ተወርዶ አዲስ የመሀል ብሎን ይገዛል፤ የተቆረጠችው ወጥታ አዲሷ ትገባለች። የአቃፊዎቹን ዳዶ ግን ‘ጠብቋል’ ብሎ በእጁ ነካ አድርጎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ብዙም ሳይቆይ አዲሷም ትቆረጣለች። ያን ጊዜ ባለሱቁ ይረገማል፣ ‘የቻይና ዕቃ!’ ይባላል። ብሎኗ የቻይናም ሆነች የጃፓን ያው ነው። የተሰበረውን ዕቃ ሰባሪው ራሱ እንደሆነ አድርጎ የማየት ልማድ አለን፤ የተሰበረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተጎጂው ነው። አልገጥም ያለው ቀዳዳም እንዲሁ ነው። ዓይናችን እርሱ ላይ ይተከላል እንጂ ያሳሳተው ሌላ ቦታ ያለ መላላት፣ ሌላ ቦታ ያለ ያለጊዜው መጥበቅ ነው።

ነገሌ ራሷ ይህን ነገር በታሪኳ አይታዋለች። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች በመኮንኖቻቸው ላይ ተነሡ። የተራ ወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ነገሩን እንዲያጣሩ ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ያዟቸውና ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ከዚያ በኋላ ተቃውሞው ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያ ጥር አንድ ጎበዝ መካኒክ መለዋወጫ ይዞ ነገሌ ቢላክ ኖሮ አብዮቱ ይቀር ነበር ብሎ የሚያምን ሰው አላጋጠመኝም። ፓምፑ የመሀል ብሎን ነበር። ወታደሩንና መኮንኑን አቅፈው መያዝ የነበረባቸው ነገሮች ከላሉ ቆይተዋል። ምሳሌውን ከዚህ በላይ አልጎትተውም፤ አገር መኪና አይደለም፣ መካኒክ ነኝ የሚለውም በዝቷል።

ወደ መኪናው ሥር እንመለስ። አክስሉ ከቦታው ሸሽቷል፤ አቃፊዎቹ ላልተዋል፣ መኪናው ቆሟል፣ ሰውየው አክስሉን በፓሎ ገፋ አድርጎ ሊመልሰው ተዘጋጅቷል። ወዴት ነው የሚመልሰው? ‘ቀጥ እስኪል’ ማለት ቀላል ነው። ቀጥ የሚለው ከፓራፋንጎው አንጻር ከሆነ፣ ፓራፋንጎው ስንት ጊዜ ተጋጭቶ በላሜራ ሠሪ መዶሻ የተቃና ነው። ከወዲያኛው ጎማ አንጻር ከሆነ፣ ያ ጎማ አለመሸሹን ማን አየ? ከመንገዱ አንጻር ከሆነ መንገዱ ራሱ ዘመም ያለ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በዓይኑ ይፈርዳል። ዓይን ደግሞ ከለመደው ጋር ያስተያያል፤ ሁለት ዓመት በጎኑ ሲሄድ የኖረ መኪና ለባለቤቱ ቀጥ ያለ ነው።

የሚታመን ነጥብ መፈለግ አለበት፤ ፋብሪካው የበሳው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ያልነካው፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ነጥብ። በጭነት መኪና ላይ የባሌስትራው የፊት ጫፍ ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ፔርኖ ጥሩ ምስክር ነው። ከእርሱ እስከ አክስሉ መሀል ያለው ርቀት በግራም በቀኝም አንድ መሆን አለበት። ያ ብቻ አይበቃም። ከግራው ፔርኖ ወደ ቀኙ የአክስል ጫፍ፣ ከቀኙ ፔርኖ ወደ ግራው የአክስል ጫፍ በሰያፍ ገመድ ይዘረጋል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ሲሆኑ አክስሉ ከሻንሲው ጋር ትክክለኛ ማዕዘን ይዟል። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ሲጥል ሰያፉን የሚለካው በዚሁ ብልሃት ነው። ከሥር ያለው ዕቃ ገመዱን የሚያደናቅፍ ከሆነ ቱንቢ ከየነጥቡ ይወርድና መሬቱ ላይ ችንካር ይተከላል፤ መኪናው ተገፍቶ ከወጣ በኋላ ልኬቱ በነጻ መሬት ላይ ይሠራል። ገመዱ የናይሎን ባይሆን ይመረጣል፤ ይለጠጣል፣ የሚለጠጥ መለኪያም የፈለጉትን ይነግራል። ቀጭን ሽቦ ይሻላል።

የቦሬ ጭቃ በዚህ ጉዳይ ላይ ውለታ አለው። ዝናብ ካባራ በኋላ መኪናውን ለስለስ ባለ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መንዳትና ወርዶ ዱካውን ማየት ነው። የፊትና የኋላ ጎማ ስፋት በብዙ መኪና ላይ አንድ ስላልሆነ ዱካው ተደራርቦ አለመውደቁ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሚታወቀው የኋላው ዱካ ከፊተኛው በግራ በኩል የወጣበት መጠን በቀኝ በኩል ከወጣበት ሲለይ ነው። መኪናው ስለ ራሱ የጻፈውን በገዛ ጭቃው ላይ ማንበብ ማለት ነው፤ አስፋልት ይህን ዕድል አይሰጥም።

ግራና ቀኝ ተስማሙ ማለት ግን ሁለቱም እውነት ተናገሩ ማለት አይደለም። ይህን በሚገባ ያሰቡበት የመኪና ሰዎች አልነበሩም፤ መኪና ገና አልተፈጠረም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ፍጹም ዝርግ የሆነ የብረት ገጽ እንዴት እንደሚገኝ ሲያስረዳ፣ ሁለት ብረት እያስተያዩ መፋቅ እንደማይበቃ አሳይቷል። አንዱ ጎበጥ፣ ሌላው ጎድጎድ ቢል ልክክ ብለው ይገጥማሉ፤ ሁለቱም ግን ዝርግ አይደሉም። ሦስተኛ ሲጨመርና እያፈራረቁ ሲያስተያዩአቸው ውሸቱ መደበቂያ ያጣል። ሦስቱም እርስ በርስ የሚገጥሙት ሦስቱም ዝርግ ሲሆኑ ብቻ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ቶርኖ፣ ሞርሳና ሞተር ሁሉ ትክክለኛነቱን የወረሰው ከእንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ነው። መንገድ ዳር ያለው ሾፌር ሦስት ዝርግ ብረት የለውም፤ የፊተኛው አክስል ግን አለው። ግራና ቀኝ ከተስማሙ በኋላ ሁለቱንም ከፊቱ ጋር ማስተያየት የሦስተኛውን ምስክር ቃል መስማት ነው። ሁለት ሰዎች ተስማምተው ሲመጡ ደስ የሚለን በሁሉም ነገር ነው፤ ሦስተኛውን ለመጥራት የሚደክም ጥቂት ነው።

ሌላ የሚያስቸግር ነገርም አለ። የተሠራበት ልክ ራሱ ሁልጊዜ ፍጹም ቀጥ አይደለም። ከኋላ የሚነዱ የብዙ መኪኖች የፊት ጎማዎች ቆመው ሲለኩ ከፊት በኩል በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ እንዲያዩ ተደርገው ይታሰራሉ። መኪናው ሲሄድ መንገዱ ጎማዎቹን ወደ ኋላ ይገፋል፣ በጎሚኒዎቹ ውስጥ ያለው ትንሽ መለመጥ ወደ ውጭ ይከፍታቸዋል፤ ያን ጊዜ ቀጥ ይላሉ። ቆመው ቀጥ ያደረጓቸው ጎማዎች ሲሄዱ ይከፈቱና ጠርዛቸው ይበላል። በመታጠፊያም ላይ እንዲሁ፦ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ቢታጠፉ አንዱ ይጎተታል፣ ምክንያቱም የውስጠኛው የሚዞረው ክብ ከውጭኛው ይጠባል። የውስጠኛው የበለጠ እንዲታጠፍ የሚያደርገውን መላ ያገኘው የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፔርገር እ.ኤ.አ. በ1817 ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበለት ሩዶልፍ አከርማን ነበርና ስሙ ለአስመዝጋቢው ቀረ። ቆሞ የሚለካ ሰው መኪናው የሚኖረው በመሄድ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። ቀናነቱ የሥራው እንጂ የቁመናው አይደለም።

ይህን ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ጎሚኒ ነው። ስለ እርሱ ትንሽ ልቆይ።

ብዙ የመኪና የሥር ክንዶች ሻንሲውን የሚይዙት በጎሚኒ፣ ማለትም መሀሉ ላይ የብረት ቱቦ ባለው የላስቲክ ቁራጭ በኩል ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የመሀሉ ቱቦ ሙጭጭ ብሎ ይያዛል፤ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ የሚዞረው ቱቦው አይደለም፣ ጎሚኒው ራሱ እየተጠመዘዘ ነው የሚያሳልፈው። አሁን መኪናው በክሪክ ተነሥቷል፣ ጎማው ተንጠልጥሏል፣ ክንዱ ወደ ታች ወርዷል። ሰውየው አዲስ ጎሚኒ ከቶ በዚያው እንደተንጠለጠለ ብሎኑን አጥብቆ ያስራል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ቀዳዳው ገጥሟል፣ ብሎኑ ጠብቋል፣ ማንም አይወቅሰውም። መኪናው መሬት ሲነካ ክንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጎሚኒው ይጠመዘዛል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቆሞም ተጠምዝዞ ነው የሚውለው፣ አንድም ጊዜ አያርፍም። ጉድጓድ በነካ ቁጥር በተጠመዘዘው ላይ ሌላ ጥምዘዛ ይጨመራል። ዕድሜው ሳይደርስ ይተረተራል። ባለቤቱም ያው ‘የቻይና ዕቃ’ ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብሎኑ በተንጠለጠለበት ይገባል እንጂ አይጠብቅም። ከዚያ በታችኛው ክንድ ሥር ሌላ ክሪክ ይገባና ክንዱ መኪናው መሬት ላይ ቢሆን በሚቆምበት ከፍታ ላይ እስኪደርስ ይነሣል። ወይም መኪናው በጎማው ጠንካራ መወጣጫ ላይ ይቆማል። የሚጠብቀው ያን ጊዜ ነው። ዕቃው የሚኖርበትን አቋም ሳያገኝ የጠበቀ ነገር ሁሉ፣ በጥንቃቄ የጠበቀም ቢሆን፣ ውሎ አድሮ ራሱን ይበላል። ብዙ ጊዜ ውል የምናስረውና ቃል የምንገባው በተንጠለጠልንበት ሰዓት መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል።

ወደዚያ አልገጥም ወዳለው ቀዳዳ ስንመጣም ከምክንያቶቹ ዋናው የጥብቀት ቅደም ተከተል ነው። አራት ብሎን ያለው የካምቢዮ መሸከሚያ ሲታሰር፣ አንዷን አስገብቶ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ያለቀ ይመስላል። ሁለተኛዋም በመከራ ትገባለች። ሦስተኛዋ ላይ ቀዳዳው ይሸሻል። የሸሸው ግን ሦስተኛው ቀዳዳ አይደለም፤ የመጀመሪያዋ ብሎን ዕቃውን ወደ ራሷ ጎትታ ይዛዋለች። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ረዳት፣ ‘ጋሼ፣ ይቺን ላጥብቃት?’ ብሎ ሲጠይቅ፣ ከወዲያ ጎማ ሥር የተኛው ሾፌር፣ ‘ተው የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ሁሉም ይግቡ’ ሲለው ሰምቻለሁ። ሙያው በሙሉ እዚህ አለ። ሁሉም በጣት እስከሚሄዱበት ይገባሉ፤ ዕቃው ለመወዝወዝ ነጻ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ነው። ቀዳዳው በጥቂት ካመለጠ ጫፉ የሾለ ብረት ይገባና ቀስ ተብሎ ይፈለቀቃል፣ በሌላኛው ቀዳዳ ብሎን ይገባል፣ ብረቱ ይወጣል። ጣት ግን አይገባም። ገጠመ አልገጠመ ብሎ በጣቱ የሚዳስስ ሰው፣ ዕቃው በድንገት ቢንሸራተት ጣቱን መቀስ ውስጥ አግብቷል። የማርሚታው ቱቦም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ከሞተሩ ጀምሮ እስከ ጭራው ሁሉም ማያያዣ በላላ ሁኔታ ይገጥማል፣ ቱቦው ከሻንሲና ከነዳጅ ጋን መራቁ ይታያል፣ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ ይጠብቃል።

ከመፍታት በፊት ምልክት ማድረግ የሚባለውን ነገር ሰው እንደ ሥርዓት ማብዛት ያየዋል። የትራንስሚሽኑን ዘንግ የሚያየው ግን ይገባዋል። በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት ክሮቸራዎች ዘንግን በማዕዘን ሲያዞሩ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይጨምራል፣ ሁለት ጊዜ ይቀንሳል። የፊተኛው ክሮቸራ የፈጠረውን መወዛወዝ የኋለኛው የሚያጠፋው ሹካዎቻቸው አንድ አቅጣጫ ከያዙ ነው። ዘንጉን ፈትቶ መልሶ ሲያስገባ በአንድ ጥርስ ያሳሳተ ሰው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ደህና ሆኖ ሁለቱ እርስ በርስ የሚጋጩበት መኪና ይሠራል። በጠመኔ የተሰመረች አንዲት መስመር ከዚህ ሁሉ ታድናለች። ዛሬ ረዳቶች በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ፤ እኔ አሁንም ጠመኔውን እመርጣለሁ፣ ፎቶው የተነሣው ሁልጊዜ ከማይጠቅም ማዕዘን ነውና።

ከጠበቀ በኋላም ሥራው አያልቅም። አዲስ የታሰረ ባሌስትራ ጭነት ሲያርፍበት ብረቶቹ እርስ በርስ ይቀመጣሉ፣ በመሀላቸው ያለው ቀለምና ዝገት ይላቃል፣ አቃፊዎቹም ይላላሉ። ስለዚህ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ቆሞ ማጥበቅ ግድ ነው፤ የመጀመሪያዋ የመሀል ብሎን የተቆረጠችው ይህ ስላልተደረገ ይሆናል። መላላትን ቀድሞ ማሰብ በመኪና ብቻ አይደለም፦ በጉጂ ምድር ሜኤ ቦኮ በሚባለው ስፍራ የገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ ሕጉም በሕዝብ ፊት እንደገና ይነገራል። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እኔን ከሁሉ የሚስበኝ ቀጠሮው ነው፤ ነገር እስኪሰበር አይጠበቅም፣ ሳይላላ አልቀረም ተብሎ አስቀድሞ በታሰበ ጊዜ ይከፈታል።

አሁን መሰርሰሪያውን ላንሣ። ቀዳዳ ማስፋት ሁልጊዜ ኃጢአት ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ፋብሪካውም ራሱ አንዳንዱን ቀዳዳ ሞላላ አድርጎ ይሠራል፤ ብሎኑ ላይ መሀሉ የሳተ ክብ ብረት ያስቀምጥና እርሱን በማዞር ጎማው እንዲስተካከል ያደርጋል። ያ ሞላላ ግን ወሰን አለው፣ ጎኑ ላይ ምልክት ተሰምሮበታል፣ ለሚመጣው ሰው የት እንደነበረ ይነግረዋል። በኦክስጅን ተቃጥሎ የሰፋው ቀዳዳ የሚናገረው የለም። ብሎኑ ዙሪያውን ባዶ ሆኖ ይንቀሳቀሳል፣ ሮንዴላው ይሰምጣል፣ ዳዶው ይላላል። እነዚህ ጉዳቶች በሌላ ቀን በሌላ ገንዘብ ይጠገናሉ። የማይጠገነው ሌላ ነው፦ ያ ቀዳዳ ከፋብሪካው ጀምሮ ሲናገር የኖረ ምስክር ነበር። ከእርሱ ተነሥቶ ገመድ ይዘረጋ ነበር። አሁን ጠፋ። ቀጣዩ ሰው፣ ያው ሰውየው ራሱም ሊሆን ይችላል፣ ሲለካ ሰያፎቹ የማይገናኙት ለምን እንደሆነ አያውቅም። ዛሬ ባይገጥም ኖሮ ‘ሌላ ቦታ ተመልከት’ ብሎ ይነግረው የነበረው ቀዳዳ ዝም ተሰኝቷል።

በዚህ ሁሉ መሀል የሰው ሕይወት እንዳለ መርሳት ቀላል ነው። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም። በቦሬ ቀይ ጭቃ ላይ ደግሞ ማንሣቱም ያጠራጥራል፤ ከሥሩ ሰፊ ወፍራም ጣውላ ካልገባ በአንድ ወገን ይሰምጥና ያዘነብላል። የተነሣው መኪና ጠንካራ ግንድ ወይም ብረት ላይ ማረፍ አለበት። ብሎኬት ድጋፍ አይደለም፤ መሀሉ ባዶ ነውና ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ። ከሥር ገብቶ በፓሎ የሚገፋ ሰው መኪናውንም እየገፋ መሆኑን ማወቅ አለበት።

የመኪና ሥር ነገር በቅርብ ዓመታት ሌላ መልክ ይዟል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ይህ አንድም ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው እንዲራዘምና ሥሩ ደጋግሞ እንዲፈታ ያደርጋል፤ አንድም ከሥሩ ፍሪሲዮንና ማርሚታ የሌለው፣ ወለሉ በሙሉ ባትሪ የሆነ መኪና ያመጣል። የዚህኛውን ሆድ እንደ ልማዳችን ያገኘነው ቦታ ላይ ክሪክ ሰክተን ብናነሣ የባትሪውን ማቀፊያ እንጨፈልቃለን፤ የተጨፈለቀ ባትሪ ደግሞ እሳት ነው። ክሪክ የሚገባባቸው የታወቁ ነጥቦች አሉ፣ እነርሱን ማወቅ ግድ ነው። ክንዱ፣ ጎሚኒው፣ የመሪው ዘንግ ግን እዚያም አሉ። የሚለካውም በዚያው ገመድ ነው።

ገመዱ አንዳንድ ጊዜ መስማት የማንፈልገውን ይናገራል። ሁለቱ ሰያፎች ሻንሲው ላይ ባሉት፣ ማንም ባልፈታቸው የፋብሪካ ነጥቦች መሀል ሲለኩ እኩል ካልሆኑ የተጣመመው አክስሉ አይደለም፤ ሻንሲው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ብሎን እየፈቱ ማሰር፣ አክስል እየገፉ መመለስ ጎማ ከመብላት ሌላ ምንም አያመጣም። የተጣመመ ሻንሲ የሚቃናው ከአራት ወገን ጨምድዶ በሚስብ ከባድ መሣሪያ ነው፤ ያ ደግሞ ትልልቅ ከተማ ያሉ ጋራዦች ጋ ካልሆነ አይገኝም። ሾፌሩ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ጭነቱን ለሌላ አይሱዙ አዛውሮ፣ ባዶውን መኪና በቀስታ ይዞ ወደ ሐዋሳ ይመለሳል።